ታዲያ ቶናው የታለ?

ባለፈው ገና ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። ምሳ ተበልቶ ቡና ቀርቧል። ወሬው ስለ ቡና ዋጋ ነው፤ ኪሎው ስንት ገባ፣ ማን አስወደደው፣ ነጋዴው ነው ወይስ ደላላው። እኔም ወሬውን ልቀይር ብዬ "ቡና እኮ ሰማይ ላይም አለ" አልኩ። የአጎቴ ልጅ "እዚያም ተወደደ እንዴ?" አለኝ። ቡና የሚባል ኮከብ እንዳለ፣ እሱን የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል እንደሚባል፣ ስሙም በዓለም አቀፍ ደረጃ የጸደቀ መሆኑን አስረዳሁ። አክስቴ ለሁለተኛው ጀበናው ላይ ውኃ እየጨመሩ ነበር። ቀና እንኳ ሳይሉ "አቦል ካለ፣ ታዲያ ቶናው የታለ?" አሉ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ወሬውም ተመልሶ ወደ ኪሎ ዋጋ ሄደ። ጥያቄው ግን እኔ ጋ ቀረ። ሰዉ እንደ ቀልድ የሰማው ነገር የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች በቁም ነገር የሚጠይቁት ነው። ፀሐይን የሚመስል ኮከብ ተገኝቶ፣ አንድ ግዙፍ ፕላኔት ሲዞረው ከታየ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ አይደለም። ሌሎቹስ?

## ስም የወጣበት ሰሞን

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከስሙ ልነሣ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100 ዓመት ሞላው። በዓሉን ምክንያት አድርጎ ለየአገሩ አንድ አንድ ኮከብ ከነፕላኔቱ ሰጠና "ስም አውጡላቸው" አለ። 112 አገሮች ስም አወጡ፤ ከ780,000 በላይ ሰው ተሳተፈ። ለእኛ የደረሰን በመዝገብ ኤች ዲ 16175 ተብሎ የተጻፈ ኮከብ ነበር። ውጤቱ ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ሆኑ።

ብዙ ሰው አልሰማም። አይፈረድበትም። በሦስተኛው ቀን የአገሪቱ የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና፣ ከታይዩዋን ማስወንጨፊያ ተነሥታ ወጣች፤ የዚያ ሰሞን ወሬ ሁሉ እሷ ሆነች። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" እየተባለ በኖረበት አገር፣ በዚያ ሳምንት ሰማዩም የሚታረስ መስሎን ነበር። ቡናና አቦል በዚያ ግርግር መሀል ድምፃቸው ሳይሰማ አለፉ።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ፌስቡክ ላይ ብቅ ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ከጽሑፉ ጋር የሚያምር ቡናማ ፕላኔት ሥዕል ይለጠፋል፤ ደመናው ተጠምዝዞ፣ ጥላው ተስተካክሎ። እዚህ ላይ ትንሽ ቅር ይለኛል። አቦልን በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ፎቶም የለውም። ሥዕሉ የሠዓሊ ግምት ነው። ስለ አቦል የምናውቀው ነገር ሁሉ የመጣው ከኮከቡ ነው፤ እኔን ከየትኛውም ሥዕል በላይ የሚገርመኝ ደግሞ ይኼ ነው።

## ያልታየው እንዴት ታወቀ

ፕላኔት ኮከብን ይዞራል እንላለን እንጂ ጉተታው የሁለቱም ነው። ኮከቡ ፕላኔቱን ይስባል፤ ፕላኔቱም በአቅሙ ኮከቡን ይስባል። ስለዚህ ኮከቡ ባለበት አይቆምም፣ በትንሹ ይወዛወዛል። ወደ እኛ ሲመጣ ብርሃኑ በጣም በጥቂቱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ሲርቅ ወደ ቀይ። ያችን ጥቂት ልዩነት ለዓመታት ሳይሰለቹ መለካት ነው ሥራው።

ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ እ.ኤ.አ. በ1995 ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያውን ፕላኔት ያገኙት በዚሁ መንገድ ነው። ኮከቡ 51 ፔጋሲ ይባላል። ፕላኔቱ የጁፒተርን ግማሽ ያህል ከብዶ፣ ኮከቡ ጉያ ውስጥ ገብቶ፣ በአራት ቀን ከጥቂት ሰዓት አንድ ዙር ይጨርሳል። እንዲህ ያለ ግዙፍ ነገር እንዲህ ተጠግቶ ይገኛል ብሎ የጠበቀ እምብዛም አልነበረም። ሁለቱ ሰዎች ለዚህ ሥራ ኖቤል የተሸለሙት በ2019 ነው፤ አቦል ስም ባገኘበት በዚያው ዓመት።

የአቦል ዜና የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ልኬቱ የተሰበሰበው ካሊፎርኒያ፣ ሐሚልተን ተራራ ላይ ባለው በሊክ ኦብዘርቫቶሪ ነው። አቦል ሲጎትተው ቡና በሰከንድ እስከ 100 ሜትር ገደማ በሚደርስ ፍጥነት አንዴ ወደ እኛ፣ አንዴ ወደዚያ ይላል። በሰዓት ስናሰላው 360 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ለኮከብ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ግን 196 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ላይ ያለን ነገር ይህን ያህል ፈቀቅ ማለቱን መያዝ፣ ለእኔ ከሮኬት ይበልጣል። ከዚህ ልኬት የአቦል ክብደት ተሰላ፤ ቢያንስ ጁፒተርን አራት እጥፍ ተኩል ያህል። "ቢያንስ" የሚባለው መንገዱ ወደ እኛ ምን ያህል እንዳዘነበለ በዚህ ዘዴ ብቻ ስለማይታወቅ ነው።

አሁን ቁጥሮቹን እናስተያይ። ጁፒተር ፀሐይን የሚያወዛውዛት በሰከንድ 12.5 ሜትር ያህል ነው። መሬትስ? 9 ሴንቲ ሜትር።

እዚህ ቁጥር ላይ ብዙ ቆየሁ። ቡና አካባቢ አንድ ተመራማሪ አለ እንበል። አቦልን ባገኘው ዓይነት መሣሪያ ፀሐይን ለዓመታት ይለካል። ዕድል ከቀናው፣ 12 ዓመት ገደማ የሚፈጀውን የጁፒተርን ዙር በትዕግሥት ከጠበቀ፣ ጁፒተርን ያገኛል። እኛን ግን አያገኘንም። ሜርኩሪን፣ ቬነስን፣ ማርስንም አያገኝም። መዝገቡ ላይ "አንድ ግዙፍ ፕላኔት" ብሎ ጽፎ ወደ ሌላ ኮከብ ይዞራል። ዘዴው የሚይዘው ወፍራሙን ነው። አቦል ወፍራም ስለሆነ ቀድሞ ተያዘ፤ ቶናው ቀጭን ከሆነ ስኒው ውስጥ ቢኖርም መሣሪያው ባዶ ነው ይላል።

## መብራት የሄደ ማታ

የዚያኑ ዕለት ማታ መብራት ሄደ። በበዓል ማታ መብራት ሲሄድ ሰው የሚለውን ታውቁታላችሁ፣ እዚህ አይጻፍም። ቤቱ ሻማ ፍለጋ ሲተራመስ እኔ ጋቢዬን ደርቤ ባይኖኩላሬን ይዤ ግቢ ወጣሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ የጥር ብርድ ከመሆኑ በፊት እንኳ አጥንት ያውቃል። ጨረቃ አልወጣችም። ከተማው ሁሉ ጨልሟል። እንዲህ ያለ ሰማይ አዲስ አበባ ውስጥ አስቤውም አላውቅ።

ወደ ሰሜን ዞሬ ቆምኩ፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት አንድሮሜዳ የምትባለው ኅብረ ኮከብ ከፍ ብላ ትታያለች። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። የእነሱ ኢትዮጵያ ከዛሬዋ ጋር ድንበሩ አይገጥምም፤ ቢሆንም ቡና እዚያ ሰፈር መውጣቱ ደስ ይላል። ቦታውን ለማግኘት ሁለት ደማቅ ኮከቦች ይበቃሉ። በግራ አልማክ፣ በቀኝ አልጎል። አልጎል በየሦስት ቀኑ ገደማ ለጥቂት ሰዓት የሚደበዝዝ ኮከብ ነው፤ ስለ እሱ ሌላ ቀን። በሁለቱ መካከል፣ ከሞላ ጎደል እኩሌታው ላይ፣ ባይኖኩላሩን ስታስተካክሉ ኤም 34 የሚባል የኮከብ ክምችት ይመጣል፤ የተበተኑ ደቃቃ ነጥቦች። ከእሱ ትንሽ ወደ ላይና ወደ ግራ፣ ሁለት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ከሚይዙት ስፋት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ አንድ ብቸኛ ነጥብ አለ። ያ ነው ቡና።

በባዶ ዓይን አይታይም። ዓይን ከሚችለው በሦስት እጥፍ ገደማ የደከመ ብርሃን አለው። ያየሁት ብርሃን ከዚያ የተነሣው ዘመነ መሳፍንት ሳያበቃ፣ ካሳ ኃይሉ ገና ልጅ ሳለ ነው። እጄ ብርድ ስለያዘው ነጥቡ ይንቀጠቀጥብኛል። አጥሩ ላይ ክርኔን አስደግፌ ትንፋሼን ያዝኩ። ቆመ።

አክስቴ ሻማ ይዘው በሩ ላይ መጡ። "አንተ ልጅ፣ ብርድ ይመታሃል፣ ግባ።" ቡናን እያየሁ ነው አልኳቸው። ሻማውን እፍ ብለው አጠፉና መጡ። ባይኖኩላሩን ይዤላቸው፣ አልማክን፣ አልጎልን፣ ክምችቱን አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ትንሽ ፈለጉት፤ "ይቺ ናት?" አሉ። ናት አልኩ፤ ናት ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፣ የሰው ዓይን ምን እንደሚያይ ማን ያውቃል።

"አቦሉስ?"

"አቦሉ አይታይም።"

"ካልታየ በምን አወቃችሁት?"

ኮከቡን ሲያወዛውዘው ተለክቶ ነው አልኳቸው። ባይኖኩላሩን መለሱልኝ። "እንግዲያማ ቶናውም አለ። ማወዛወዝ አቅቶት ነው እንጂ።" ይህን ብለው ገቡ። እኔ ግቢው ውስጥ ቀረሁ፤ በልቤ ልስማማ እያልኩ፣ አንድ ነገር ግን እየከለከለኝ። አክስቴ ያሉት ትክክለኛ ሐሳብ ነው፤ ቀን ሙሉ ስለ 9 ሴንቲ ሜትር ሳስብ የነበረውም ይህንኑ ነው። ያልታየ ሁሉ የለም አይባልም። ግን አቦል የሚሄድበት መንገድ ሌላ ወሬ ያወራል።

## የአቦል መንገድ

መሬት ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ክብ ነው ቢባል ያስኬዳል። የጁፒተርም እንዲሁ። የአቦል ግን የተለጠጠ ሞላላ ነው። አንዱን ዙር ለመጨረስ 995 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ከምናምን። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ ኮከቡ ሲቀርብ፣ በእኛ ሰፈር ቢሆን ከቬነስ መንገድ ወጣ፣ ከመሬት መንገድ ደግሞ መለስ ያለ ርቀት ላይ ይደርሳል። ሲርቅ ደግሞ ከማርስ አልፎ፣ በእኛ ሰፈር ትንንሾቹ ዓለቶች በሚዞሩበት ቀበቶ ውስጥ ይገባል። በሁለቱ ጫፎች መካከል የሚያገኘው ሙቀት ሃያ እጥፍ ያህል ይለያያል።

ቡናም ቢሆን የፀሐይ ግልባጭ አይደለም። ከፀሐይ ሲሶ ያህል ይከብዳል፣ ሦስት እጥፍ ገደማ ያበራል፣ እርጅናው ጀምሮታል። ብረትና መሰል ንጥረ ነገሮችም ከፀሐይ ይልቅ በዝተውበታል፤ እንዲህ ያሉ ኮከቦች ግዙፍ ፕላኔት ይዘው የመገኘት ዕድላቸው ሰፊ ነው። ብሩህ ስለሆነ፣ ውኃ ሳይተንም ሳይበርድም የሚቆይበት ርቀት ከእኛው ወጣ ይላል። መሬት የምትመስል ነገር ብትኖር የምትመቻት እዚያ ነበር። አቦል ግን በየዙሩ ሁለቴ ያንን ቀጠና አቋርጦ ያልፋል፤ አንዴ ሲገባ፣ አንዴ ሲወጣ። ጁፒተርን ከአራት እጥፍ በላይ የሚያህል ነገር በየጊዜው ደጃፉ ላይ እያለፈ መንገዱን ይዞ የሚኖር ፕላኔት የለም። ወይ ኮከቡ ውስጥ ይወድቃል፣ ወይ ከአቦል ይጋጫል፣ ወይ ተወርውሮ ይወጣል። ስለዚህ መካከሉ ላይ ቶና የለም። ይህን በድፍረት እላለሁ።

ይበልጥ የሚያስቸግረኝ ደግሞ ሌላው ነው። ፕላኔቶች የሚወለዱት ኮከቡን ከከበበ የጋዝና የአቧራ ዝርግ ውስጥ ነው። እዚያ የተወለደ ነገር መንገዱ ሲጀምር ክብ ወደ መሆን ያደላል። ታዲያ አቦልን ማን እንዲህ ለጠጠው? አንዱ መልስ ሩቅ ያለ ጓደኛ ኮከብ ቀስ በቀስ ሊያዛባው ይችላል የሚል ነው። ሌላው፣ ብዙዎች የሚያዘነብሉበት፣ የግዙፎች ጠብ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ግዙፍ ፕላኔቶች ተቀራርበው ይወለዳሉ። ለዘመናት ይጓተታሉ። አንድ ቀን አንዱ በጣም ይጠጋና የሌላውን ጉልበት ይወስዳል፤ አንዱ ከቤት ተወርውሮ ጨለማ ውስጥ ይቀራል፣ የቀረው መንገዱ ይለጠጣል። በኮምፒውተር ሲሰላ ይህ ደጋግሞ ይመጣል።

ምሳሌ ካስፈለገ ሩቅ መሄድ የለብንም፤ እዚያው አንድሮሜዳ ውስጥ ቲታዊን የምትባል ኮከብ አለች። በባዶ ዓይን ትታያለች፣ 44 የብርሃን ዓመት ያህል ነው ርቀቷ፣ ስሟን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡላት ሞሮኮዎች በቴቱዋን ከተማ ነው የሰየሟት። ሦስት ግዙፍ ፕላኔቶች አሏት፤ ሳፋር፣ ሳምህ፣ ማጅሪቲ። በ1999 ሦስቱ መኖራቸው ሲታወቅ፣ ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ ከአንድ በላይ ፕላኔት ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት ነው፤ ሦስቱም የተሟሉባት። ግን ያቺም ቤት ሰላም አይደለችም። የውጪዎቹ ሁለት መንገዶች እንደ እኛ ሰፈር በአንድ ጠፍጣፋ ላይ አይደሉም፤ አንዱ ከሌላው በ30 ዲግሪ ገደማ ተዛንፏል። በ2005 የወጣ አንድ ጥናት እዚያ አራተኛ ፕላኔት ነበረ፣ ተጋፍቶ ወጣ ብሎ ተከራክሯል። የቀሩት መንገድ የሄደውን ያሳብቃል።

አቦልንም የማየው እንዲህ ነው። መንገዱ ብቻውን የተወለደ ነገር መንገድ አይመስልም። ስለዚህ የአክስቴን ጥያቄ እንደገና ሳነሣው፣ ቶናው አልታይ ብሎ አይደለም እላለሁ። ቶናው ነበረ። ምናልባት በረካውም። አቦል ራሱ አስወጥቷቸዋል። "የለም" እና "አልተገኘም" የሚባሉት ሁለት መልሶች ብቻ መስለውኝ ነበር፤ "ወጥቷል" የሚል ሦስተኛ አለ፣ ለእኔ ደግሞ የሚያሳምነኝ እሱ ነው። ኮከብ የሌላቸው፣ በጨለማ የሚንከራተቱ ፕላኔቶች መኖራቸው ከታወቀ ቆይቷል፤ የአንዳንዶቹ ታሪክ ይህ ሊሆን ይችላል።

ይህን ስል በር አልዘጋሁም። ከአቦል በጣም ውጪ፣ ጠቡ ያልደረሰበት ቦታ፣ ቀዝቃዛና ዘገምተኛ የሆነ አንድ ሌላ ግዙፍ ሊኖር ይችላል። ያ ቢገኝ ስሙ አያከራክርም። የስም ማውጫው ደንብ ራሱ ወደፊት ለሚገኙ ሌሎችም የሚሆን ጭብጥ እንዲመረጥ ይል ነበር፤ ከ112ቱ አገሮች ተከታዩን ስም ሳያስብ የሚያውቅ ሕዝብ ያለው ስንት ቦታ ነው? የጋያ መንኮራኩርም እስከ 2025 መጀመሪያ የኮከቦችን ቦታ ከአሥር ዓመት በላይ ስትለካ ኖራለች፤ በዚያ ጊዜ አቦል አራተኛ ዙሩን ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከዚያ ልኬት የአቦል መንገድ ማዘንበሉና እውነተኛ ክብደቱ ሊጠራ ይችላል። ሩቁ ቶና ግን ሌላ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሳተርን ከፀሐይ የምትርቀውን ያህል ርቆ ያለ ፕላኔት ቡናን አንዴ ለመዞር 25 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ የአቦል ዜና ከወጣ ገና ሃያ ዓመት አልሞላም።